ዛቢያውን ንቀልልኝ

እሳቱን ቆስቁሱት። ጋቢያችሁን ሰብስቡና ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጀርባችሁን ለጨለማው አትስጡ። እህሉ ተወቅቶ ተከምሯል፣ የትም አይሄድም። ሌባ ቢመጣ እኛ አለን። እኔን ዛሬ ያሳሰበኝ ሌባ አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ መላኩ ነው። አትሳቁ! ከምሽት ጀምሮ ስለዚያች ምሳሩ ሲያደነቁረን አመሸ። «በነፃ አገኘኋት በሉት» አላለንም? «ዛቢያዋን እዩልኝ፣ የሰው እጅ አለስልሷት መስታወት መስላለች፤ ዛቢያዋ ብቻ ገንዘቤን ታወጣለች» አላለንም? ጥሩ ነው መላኩ። ጭንህ ላይ አጋድመሃታል፣ እንደ ልጅ እያሻሸሃት ነው። ያዛት። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የምነግረው ለአንተ ነው፤ ሌሎቹ ቢሰሙም ባይሰሙም ግድ የለኝም።

ሰዓቱ ልክ እንዲህ ያለ ሰዓት ነበር። ጨረቃ የለችም። ጅቡ ጮሆ ጮሆ የተወበት ሰዓት። መንገዷ ደግሞ ከወንዙ ተነስታ በሁለት ገደል መሀል የምትወጣ፣ ለአንድ ሰውና ለአንድ አህያ ብቻ የምትበቃ ቀጭን መንገድ። ቀን ሰው ይሄድባታል። ማታ ማን ይሄድባታል? ማንም አይሄድባትም። ያን ዕለት ማታ ግን አንድ ሰው ይሄድባት ነበር። ከፊቱ አህያ፣ በአህያዋ ላይ ጭነት፣ በእጁ ፋኖስ። ሰውየው ደምለው ይባላል።

ደምለው ምን ሠርቶ ነበር የሚኖረው? አያርስም። አይጠርብም። ደምለው የሙት ዕቃ ይገዛ ነበር። የሙት ምሳር፣ የሙት ዶማ፣ የሙት መጋዝ፣ የሙት ካፖርት። በርካሽ ይገዛል፣ ወስዶ በሩቅ ገበያ ይሸጣል፣ የወደደውን ደግሞ ለራሱ ያስቀራል። ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ የሙት መሣሪያ ተሰቅሎበት ነበር።

ሞት ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ግን በቀብሩ ቀን አይመጣም፤ ሰው ይበዛል። የሩቅ ዘመድ ከደረሰ በኋላም አይመጣም፤ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይኖራል። መቼ ይመጣል? በሣልስቱ ይመጣል። ጎረቤቱ ለቅሶ ሰልችቶት ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ሚስቲቱ ብቻዋን ቁጭ ስትል፣ ያኔ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ያለቅሳል። ኧረ እንዴት ነው የሚያለቅሰው! ከወንድም በላይ ያለቅሳል። ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍንና «ወንድሜን! ጋሻዬን!» ይላል። በጣቶቹ መሀል ግን ግድግዳውን ያያል። ምን ተሰቅሏል? የማን ሥራ ነው? ብረቱስ ምን ያህል ቀርቶታል? ይህንን ነው የሚያየው።

አሁን አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። በእነ ደምለው መንደር፣ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም፣ ሰው ሲሞት የመሣሪያው ዛቢያ ይነቀላል። ብረቱ ለልጅ ይሆናል፣ ለገዢም ይሆናል። እንጨቱ ግን የሟች ነው። ወስደው መቃብሩ ላይ ያጋድሙታል፣ ዝናብና ምስጥ እስኪጨርሰው እዚያው ይቀራል። ለምን? ዕድሜውን ሙሉ ሲጨብጠው የኖረ እንጨት ነዋ! ያ እንጨት ሥራ ላይ እስካለ ድረስ የሟቹ እጅ አያርፍም ይሉ ነበር። ሰውየው ተኝቶ እጁ ይሠራል ይሉ ነበር።

ደምለው ይህን ልማድ ያውቃል። ያውቃል ግን አያደርገውም። ብረት በየገበያው ሞልቷል፤ በእጅ የተገራ ዛቢያ ግን ከየት ይመጣል? አዲስ ዛቢያ መዳፍ ያቆስላል። አሮጌው፣ ያ ሰው ሃያ ዓመት በላቡ ያለሰለሰው፣ መዳፍ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ገዢ የሚከፍለው ለእሱ ነው። ስለዚህ ደምለው ዛቢያ አይነቅልም። የመበለቶቹን ልመና ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።

እንግዲህ በዚያች ሰሞን አያ ቢያድጌ የሚባል ጠራቢ ሞተ። የመንደሩን ቤት ሁሉ ምሰሶ ያቆመ፣ ደከመኝ የማያውቅ ሰው። ሲሞት እንኳ ያለው «አሁንስ ልረፍ» ብቻ ነው አሉ። ሚስቱ ጥጌ ትባላለች። ልጅ የላቸውም። ለተዝካሩ የሚሆን ነገር በቤቷ የላትም። በሣልስቱ ደምለው አህያውን እየነዳ መጣ፣ አለቀሰ፣ አይኑን ጠረገ፣ ተነሳና ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ያወርድ ጀመር።

«እታለም፣ ይህ መጋዝ ጥርሱ አልቋል።»

«በቀደም ነው የሳለው» አለች ጥጌ።

«ካፖርቱን ብል በልቶታል። ፋኖሱም ያፈሳል። ምሳሩ ብቻ ነው ደህና። ሁሉንም በአንድ ዋጋ ልውሰድልሽ፤ ለአንቺ ስል ነው እንጂ እኔ ምን ይጠቅመኛል?»

ዋጋውን ነገራት። ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ታፍራላችሁ። ጥጌ ምን ታድርግ? ተቀበለች። ከዚያ ግን እግሩ ላይ ወደቀች።

«ወንድሜ ደምለው፣ ብረቱን ውሰድ። ዛቢያውን ግን ንቀልልኝ። የምሳሩን ብቻ እንኳ ንቀልልኝ፤ መቃብሩ ላይ ላጋድምለት። ደክሞት ነው የሞተው።»

«ከተነቀለ ዋጋው ይወድቃል፣ እታለም። የተሸጠ ደግሞ አይመለስም።»

«እጁ እኮ እዚያ ውስጥ ነው!»

ደምለው ሳቀ። ሟች ቤት ውስጥ፣ የሙት ሚስት እግሩን ይዛ፣ ሳቀ። ምን አለ መሰላችሁ?

«እንግዲያውስ እጁንም ገዝቼዋለሁ» አለ።

ይህንን አለ። ስንት የሙት ዕቃ ገዝቷል፣ እንዲህ ግን ብሎ አያውቅም ነበር። በሣልስቱ ደግሞ ነፍስ ገና ከደጅ አትርቅም ይላሉ። በደጅ ያለ ሰው አይሰማም ትላላችሁ? ይሰማል።

ጭኖ ወጣ። ጥጌን እዚያው መሬት ላይ ትቷት ወጣ። መንገድ ላይ ጠላ ቤት ገባ፣ በርካሽ ስለገዛው ዕቃ ሲያወራ መሸበት። «እዚህ እደር» አሉት። «የሙት ዕቃ ጭነህ ብቻህን በዚያ ገደል አትሂድ» አሉት። ሰማ? አልሰማም። ዕቃውን የሰው ቤት ማሳደር ፈራ። ሌባ ነው እንግዲህ፣ ሌባ ይፈራል።

ወንዙን ተሻገረ። ብርዱ ያንሰፈስፋል። ከጭነቱ ላይ የቢያድጌን ካፖርት አወረደና ለበሰው። የሙት ካፖርት ሲለብሱት ይቀዘቅዛል፣ አይደል? ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሰነበተ ካፖርት ይቀዘቅዛል። ይህ ግን ሞቀው። ገና ክንዱን ሲያስገባ ሞቀው። ሌላ ሰው አሁን ያወለቀው ይመስል ነበር። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ደምለው «ጥሩ ካፖርት ነው፣ በርካሽ ነው ያገኘሁት» አለ።

ሄደ። ሄደ። አህያዋ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ድንገት አህያዋ ፈጠነች። እሱ አልነዳትም። ከእሷ ፊት፣ ከጨለማው ውስጥ፣ «ች! ች!» የሚል ድምፅ ሰማ። አንድ ሰው አህያዋን ከፊት እየመራለት ነው።

«ማነው?» አለ ደምለው።

«ች! ች!» ብቻ።

«የገደል ማሚቶ ነው» አለና ሄደ። ምን ዓይነት ማሚቶ ነው ያልተነገረ ነገር የሚመልስ? እሱ ግን እንደዚያ አለ።

ሄደ። ሄደ። አሁን ደግሞ ከኋላው ድምፅ መጣ። ቋ… ቋ… ቋ… ምሳር እንጨት ሲመታ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። ቋ… ቋ… በዚህ ሌሊት ማን እንጨት ይቆርጣል? ደምለው ቆመ፤ ድምፁም ቆመ። አህያዋን አስቁሞ ጭነቱን ዳሰሰ። መጋዙ አለ። መሮው አለ። ምሳሩስ? ምሳሩ የለም።

ፋኖሱን ወደ ኋላ ከፍ አደረገ። መንገዱ ዳር አንድ ወይራ አለ። ምሳሩ ወይራው ላይ ተደግፎ ቆሟል። አልወደቀም፤ ተደግፎ ቆሟል። ጠራቢ ላቡን ሊጠርግ ሲያርፍ እንደሚያስደግፈው፣ ዛቢያው ወደ ላይ ሆኖ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ልብ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? አህያውን ትቶ ይሮጣል! ካፖርቱን ጥሎ ይሮጣል! ደምለው ግን ምሳሩን አየና ሆዱ አልቻለም። ያን የመሰለ ዕቃ፣ በዚያ ዋጋ የተገዛ ዕቃ፣ ሜዳ ላይ ይቅር? ተመለሰ። ፋኖሱን እንደያዘ ተመለሰ። እጁን ዘረጋና ዛቢያውን ጨበጠ።

ዛቢያው ሞቃት ነበር። ሞቃት ብቻ አይደለም፣ ርጥብ ነበር። ላብ ነበረበት።

«እጄን ገዛህ አሉ» አለው አንድ ድምፅ። ከጀርባው፣ ከጆሮው ሥር።

ፋኖሱ ጠፋ።

«ማ… ማነህ?»

«ሻጩ ነኛ።»

«አያ ቢያድጌ! ቀልዴን ነው! በሞቴ ቀልዴን ነው! ውሰደው፣ ሁሉንም ውሰደው!»

«የተሸጠ አይመለስም» አለው። ድምፁ አይቆጣም። የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ደክሞኝ ነበር ደምለው። ልረፍ ብዬ ነበር። እጄን ከገዛህ እንግዲህ ሥራዬንም ገዝተሃል። አያያዙን ላሳይህ።»

ከኋላው አንድ እጅ መጣ። በእጁ ላይ ተደረበ። አውራ ጣቱን ዛቢያው ላይ ጫነለት። ሌባ ጣቱን ጫነለት። የመሀል ጣቱን ጫነለት። የቀለበት ጣቱን። ትንሿን ጣቱን። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣ ሥራ እንደሚያስተምር ሰው። ከዚያ ተወው። ደምለው ምሳሩን ሊጥል ሞከረ። ጣቶቹ ግን አልተከፈቱም።

በዚያች ሌሊት የደምለው ሚስት ሽቱ በእንጨት ቆረጣ ድምፅ ከእንቅልፏ ባነነች። ወጣች። ባሏ የሙት ካፖርት ለብሶ ደጃፉ ላይ ይቆርጣል። ቋ… ቋ… ቋ… «ምነው በዚህ ሌሊት?» አለችው። «ያዢኝ!» አላት። «ያዢኝ ሽቱ፣ እኔ አይደለሁም!» ያዘችው፤ እጁ እሷንም ይዞ ተነሳ፣ እሷንም ይዞ ወረደ። ጎህ ሲቀድ ቆመ። ቀን እጁ በድን ሆነ፣ ግን እንደጨበጠ። ሲመሽ ደግሞ ተነሳ።

ማገዶውን ጨረሰ። አጥሩን ጨረሰ። ጎረቤት ተሰብስቦ በጠፍር አሰረው፤ ጠፍሩ ተበጠሰ። አጥሩ ሲያልቅ እጁ ወደ ቤት ገባና የቤቱን ምሰሶ ይቆርጥ ጀመር። ያን ምሰሶ ማን ነበር ያቆመው? ቢያድጌ ነበር። መዳፉ ተልጦ ደሙ በዛቢያው ላይ ይወርዳል፣ ደምለው ይጮኻል፣ እጁ ግን ይሠራል። የመንደሩ ሰው ስንቱን ሞከረ። ጠበል ወሰዱት። ቅቤ አሸት አድርገው ጣቶቹን ሊፈለቅቁ ሞከሩ። አንዷም ጣት አልተነሳችም።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ጥጌን ጠሯት። ጥጌ ማቋን ለብሳ መጣች። ደምለው ሲያያት እግሯ ላይ ወደቀ፤ እሷ በእሱ እግር ላይ እንደወደቀችው።

«እታለም፣ ውሰጂው! በነፃ ውሰጂው! ዛቢያውን ንቀዪልኝ!»

ጥጌ ቆማ አየችው። የጨበጠውን እጁን አየች። አዝናለት ይሆን? እንጃ። እኔ እንደሰማሁት አላዘነችለትም።

«ከተነቀለ ዋጋው ይወድቃል ብለኸኝ የለም?» አለችው።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ዛቢያው የባሌ ነው፤ መቃብሩ ላይ ይጋደም» አለች። «የጨበጠው እጅ ግን የእኔ ጉዳይ አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ደምለው ገባው። «አይሆንም! ወገኖቼ አይሆንም!» አለ። ስድስት ሆነው ያዙት። እጁን ማን እንደቆረጠው፣ በምን እንደቆረጠው አትጠይቁኝ። ምሳሩ ስለት ነበረው፤ ቢያድጌ መሣሪያውን ሳይስል አያሳድርም ነበር። ይህንን ብቻ እነግራችኋለሁ። ዛቢያው ከነጨበጠው እጅ ጥንድ ሆኖ መቃብሩ ላይ ተጋደመ፣ ዝናብና ምስጥ ሁለቱንም ጨረሳቸው። ቢያድጌ አረፈ። ዳግመኛ አልመጣም።

አለቀ ብላችሁ ነው? መላኩ አለቀ ብሎ ሊተነፍስ ነው። ቆይ።

ደምለው ዳነ። አንድ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቱ ተኛ። ቤቱ ምን ነበር ያልኳችሁ? ከወለል እስከ ጣሪያ የሙት መሣሪያ የተሰቀለበት ነበር። የአንዱንም ዛቢያ አልነቀለም ነበር። አንዱ ሟች መንገዱን ካገኘው ሌሎቹ አያገኙትም?

ሌሊት በሩ ተንኳኳ።

«ደምለው፣ እኔ የዶማው ነኝ።»

ጋቢውን ተከናነበ።

«ደምለው፣ እኔ የማጭዱ ነኝ።»

«ደምለው፣ እኔ የፋሱ ነኝ። አንድ እጅ ቀርቶሃል አሉ።»

ሽቱ ጥጉ ሥር ተኮራምታ ሁሉንም ሰምታለች። በዚያች አንዲት እጅ ላይ ተከራከሩ። «ለእኔ ትገባለች» ይላል አንዱ። «አሮጌ ናት፣ ምን ታወጣለች?» ይላል ሌላው። «ለአንተ ስል ነው እንጂ እኔ ምን ትጠቅመኛለች?» ይላል ሦስተኛው። ደምለው በመበለቶች ቤት ያወራው ንግግር ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ ከደጁ ይሰማው ነበር። እነሱ ዋጋ ሲከራከሩ እሱ ያለቅስ ነበር። ይህኛው ለቅሶው እንኳ የእውነት ነበር። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

በነጋታው ከጓሮ አገኙት። ጉድጓድ ሲቆፍር አድሯል፣ በዚያች በአንዲት እጁ። ዶማውን እንደጨበጠ ጉድጓዱ ውስጥ ተጋድሟል። ጉድጓዱ አልጠበበውም፣ አልሰፋውም። አፈር መለሱበት፣ በቃ። ከነዶማው ተቀበረ። የእጁን አገኘ ያለም ነበር፤ እኔም ብኖር እል ነበር።

የቀረውን መሣሪያ ሽቱ ምን ታድርገው? በሣልስቱ አንድ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ አህያ እየነዳ ደረሰ። ገና ከበሩ «ወንድሜን! ጋሻዬን!» እያለ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ገባ። ሽቱ ዋጋ አልጠየቀችውም። «ሁሉንም ውሰድልኝ» አለችው። «ዛቢያውን ብቻ ንቀልልኝ፤ የሁሉንም ንቀልልኝ።»

«እሺ እታለም፣ መንገድ ላይ እነቅለዋለሁ» አላት።

ነቀለው? እናንተ ነጋዴ አታውቁም? አልነቀለውም። በየገበያው በተናቸው። ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ እጅ፣ ከአንዱ አገር ወደ አንዱ አገር። የወይራ ዛቢያ እኮ ቶሎ አይበሰብስም። የሰው ዕድሜ ያልፋል፣ እሱ ይቆያል። ስለዚህ ልጆቼ፣ በርካሽ የተገዛ መሣሪያ ይዛችሁ ማታ ብቻችሁን መንገድ አትውጡ። ከሁሉ በፊት ደግሞ «ማን ነበር የሚጨብጠው?» ብላችሁ ጠይቁ።

መላኩ፣ አንተ ጠይቀሃል? አልጠየቅህም። «ርካሽ ናት» ብለህ ዘለህ ገዛሃት። እስቲ አሁን ዳስሳት። ከእሳቱ በኩል አይደለም፣ በጨለማው በኩል ያለውን ጫፍ ዳስሰው። ምን ሆንክ? ሞቀች?

አትፍራ፣ ነገ ዛቢያዋን እንነቅላታለን። አሁን መሬት አስቀምጣት።

አስቀምጣት አልኩህ እኮ።

መላኩ… ለምን አትለቃትም?